በአባቴ ስም የተገዛው ቤት

ጉለሌ ውስጥ «አረብ ቤት» ሲባል ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ሱቅ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ጉራጌም ይሁን የወሎ ሰው ስኳርና ላምባ የሚቸረችር ሱቅ ሁሉ አረብ ቤት ይባል ነበር። ሁለተኛው ግን እውነተኛ መኖሪያ ቤት ነው፤ ከእኛ ቤት በላይ ዳገቱ ላይ፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ በረንዳው ሰፊ፣ አጥሩ ቆሽም። የየመን ሰው ይኖርበት ነበር። እኛ ልጆች አሚ እንለዋለን፤ በእነሱ ቋንቋ አጎቴ ማለት ነው። ቤቱን የገዛው እሱ ነው፣ የኖረበትም እሱ ነው፣ ሚስቱም የሞተችው እዚያው ውስጥ ነው። ካርታው ላይ ያለው ስም ግን የአባቴ ነበር።

ነገሩን ዛሬ ላለ ሰው ሳስረዳ ይቸግረኛል። በንጉሡ ጊዜ የውጭ አገር ሰው በራሱ ስም መሬትና ቤት ለመግዛት ከላይ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ፈቃድ ለማግኘት ደጅ መጥናት ነው፤ ደጅ የሚጠና ነጋዴ ደግሞ ሱቁን ይዘጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ስም ይፈልጉ ነበር። አንዱ በሐበሻ ሚስቱ ስም ይገዛል፣ አንዱ በሸሪኩ። ስም ያዋሰው ሰው አንድ ቀን ማለዳ ተነስቶ «ቤቴን ልቀቅ» ያለው ነጋዴም አልጠፋም። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት፣ በሰው አገር ቤት የሚገዛ ሰው ከቤቱ በፊት ሰው መምረጥ እንዳለበት ነው። ግድግዳውንማ ማንም አይቶ ይገዛል።

አሚ የመረጠው አባቴን ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ ሲመጣ ሥራ ያስያዘው እሱ ነው፤ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ አቁሞ ሚዛን አያያዝና የደንበኛ አቀባበል አስተማረው። አባቴ የራሱን ሱቅ ከከፈተ በኋላም ጁምዓ ጁምዓ ከመስጊድ አብረው ነበር የሚመለሱት። ቤቱ ሲገዛ እኔ አልተወለድኩም፤ እናቴ ግን ደጋግማ ታወራው ነበር። አሚ ሆን ብሎ ሐምሌ እስኪገባ ጠበቀ አለች። በበጋ ሁሉም ቤት ቆንጆ ነው ባይ ነበር። ዝናቡ ሲያይል ዣንጥላውን ይዞ ሄደና ሻጯን ባልቴት አስፈቅዶ፣ ባዶው ሳሎን መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ። ጠብ አላለም። በዚያው ሳምንት ገዛው።

ውሉ በአባቴ ስም ተፈረመ። በሁለቱ መካከል ግን ምንም ወረቀት አልነበረም። ከቁርአን ፋቲሃን ቀሩ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አበሱ፣ አለቀ። አባቴም «ስሙ የኔ፣ ቤቱ ያንተ» አለው። ይህ በእኛ ዘንድ አማና ይባላል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አደራ የሚሉት ነው። እናቴ ነገሩ ከመጀመሪያውም አልጣማትም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ አንቱን ይዞ አልለቅም ያለ ለት ምን ሊውጠን ነው?» ትለዋለች። አባቴ ይስቅባት ነበር። እኔ እናቴ ልክ ነበረች ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

የእኛ ቤት እንደ አሚ ቤት የሚያኮራ አልነበረም። ጭቃ ነው፣ ሦስት ክፍል ነው፣ ከኋላው ወደ ቀጨኔ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ ያስፈራራዋል። ግን የእናቴ ነበር። ጭቃውን ራሷ አቡክታ ራሷ ለጥፋዋለች። ለጣሪያው ብር ሲያጥር ከወሎ ይዛው የመጣችውን የሠርግ ድሪዋን ሸጠች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ቀና ትልና «ድሪዬ ይንሿሿል» ትል ነበር። ይህን ስትል ከልቧ ትስቃለች።

የአሚን አማርኛ ካልተናገርኩ ሰውየው አይታወቅም። በአዲስ አበባ ያረጀ ሰው ነው፤ ግን እንደ ብዙዎቹ የየመን ሰዎች ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ፖሊሱን «አንቺ»፣ የመስጊዱን ኢማም «አንቺ»፣ አባቴን «አንቺ ወንድሜ፣ ነይ ተቀመጪ»። ከእሱ አፍ ትክክለኛ አማርኛ የሚያገኙት ሴቶች ብቻ ነበሩ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እያስመሰለ ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ሳቅ ደንበኛ ያመጣል ይል ነበር።

በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ አዋጁ በሬዲዮ ተነገረ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት መርጦ ይይዛል፤ ከዚያ የተረፈው «ትርፍ ቤት» ነው፣ ይወረሳል። አባቴ ትርፍ የምትለዋን ቃል ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቃት በምርቃት ነበር፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት «አላህ ትርፉን ይስጥህ» ይባላል። አሁን ትርፍ ያለው ሰው ጥፋተኛ ሆነ። ከሰፈሩ ግማሹ እልል አለ። ለምን አይል! የሰው ጭቃ ቤት ተከራይቶ፣ ቀን በጎደለበት ቁጥር ዕቃው ደጅ ሲወረወር የኖረ ሰው ነው። እኔም ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከሚዘምሩት ጋር ስዘምር የከረምኩ ነኝ። ነገሩ ወደ እኛ ደጅ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

በወረቀት ግን አባቴ የሁለት ቤት ጌታ ነበር። አዲስ በተቋቋመው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቀርቦ «የምኖርበት ይኼ ነው፣ ትርፌ ያ ነው» ብሎ ማስመዝገብ አለበት። እውነቱን ተናግሮ «ያኛው የአረቡ ነው» ቢል፣ የውጭ ሰው ቤት በሰው ስም ተደብቆ ተገኘ ተብሎ ቤቱም ይሄዳል፣ ራሱም ይጠየቃል። ዝም ብሎ የእኛን ቤት ቢመርጥ የአሚ ቤት ትርፍ ሆኖ ይወረሳል። ለሌላ ዘመድ እንዳያዛውረው ከአዋጁ በኋላ ስም ማዛወር ተከልክሏል። የቀረው አንድ መንገድ ነበር። አባቴም ያንኑ መረጠ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁላችንንም ሰብስቦ ነገረን። የአሚን ቤት መኖሪያዬ ነው ብሎ ሊያስመዘግብ ነው። እኛ ወጥተን እዚያ ጓሮ ያሉት ሁለት የሠራተኛ ክፍሎች ውስጥ እንገባለን፤ አሚ እንደ ዘመድ ሆኖ ከፊት ባለበት ይቆያል። የእኛ ቤት ትርፍ ይሆናል። ዓይኑ ከምንጣፉ አልተነሳም።

እናቴ ቆማ ነበር። «እኛ ሰባት ነፍስ ነን፣ እሱ አንድ ነፍስ ነው» አለች።

«አማና በነፍስ ቁጥር አይከፈልም» አለ አባቴ።

«ልጅ የለው፣ ሚስት የለው፤ ነገ አገሬ ብሎ ይሄዳል።»

«ቢሄድስ? ሲሄድ ቤቱን ይዞ አይሄድ። እኔ ግን ከጌታዬ ፊት ስቆም ይዤው ነው የምቆመው። አደራ በላ አልባልም።»

«ድሪዬን ለመንግሥት ነው የሸጥኩት በሉኛ!» አለችና ወጣች። አባቴ አልተከተላትም። እኔ በጣም ተናድጄበት ነበር፤ በዕድሜዬ በአባቴ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። የእሱ ጀነት በእናቴ ጣሪያ የሚገዛ መሰለኝ። አሁን አሮጊት ሆኜ ሳስበው ንዴቴ በርዷል፤ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም።

ስብሰባው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ እናቴ «ተነሽ ተከተይኝ» አለችኝ። ያገባች ሴት ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤት ብቻዋን አትገባም፤ የወሰደችኝ ለዚህ ነው። ዝናቡ ያወርደዋል። የአሚ በረንዳ ላይ ስንደርስ እሱ ከውስጥ አይቶን «ግቢ፣ ግቢ፣ በስብሰሻል» አላት። አልገባችም። ደረጃው ላይ እንደቆመች ሻሿን ጠበቅ አደረገች።

«ልለምንዎት አልመጣሁም» አለች። «ሊነግሩዎት የሚገባውን ሰውዬው ስላልነገሩዎት ነው። ነገ ቤታችንን ለመንግሥት ሊሰጡ ነው። የእርስዎን ሊያድኑ።»

እውነትም አባቴ አልነገረውም ነበር።

እናቴ ልትቀጥል አፏን ከፈተች። ሻሿን አፏ ውስጥ ከታ ማልቀስ ጀመረች። እናቴን ሰው ፊት ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አሚ ወደ ኋላ ዞሮ ቤቱን አየ፤ ሳሎኑን፣ ሚስቱ የታመመችበትን ክፍል በር። ብዙ አልቆየም። «ሂጂ እህቴ» አላት። «ልጅሽን ያዢ፣ ቤትሽ ሂጂ። ነገ ጥሩ ይሆናል። ግን ለሱ አትንገሪ። ሚስቴ አማናዬን አስበላችኝ ካለ፣ እናንተ መሃል ሰላም የለም። እኔን ይጥላኝ። እኔን መጥላት ቀላል ነው።» ይህን ሁሉ ሲናገር አንድም ቃል አልሳተም።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አዳራሽ እላለሁ እንጂ የዕድሩ መጋዘን ነው፤ የለቅሶ ድንኳንና ድስት ጥግ ላይ ተከምሯል። ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የአሚ ቤት የማን እንደሆነ እንደ ማንኛችንም ያውቃል። የአባቴ ተራ ሲደርስ «በስምዎ ሁለት ቤት አለ። የትኛው ነው መኖሪያዎ?» ብሎ ጠየቀና ቀና ሳይል እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

አባቴ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላ ግን ሌላ ድምፅ ቀደመው።

«አንቺ ሊቀመንበር!» አለ አሚ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እኔ ተከራይ ነኝ» አለ አሚ ሳቁ ሳይበርድ። በጣቱ አባቴን አሳየ። «ቤቷ የሷ ናት። እሷ ታች ትኖራለች፣ ጭቃዋ ቤት። እኔ የሷ ተከራይ ነኝ፣ በቃ።»

«ውሸት ነው!» አለ አባቴ። ፊቱ አመድ ሆነ። «ጓዶች፣ ይኼ ሰውዬ...»

«አያችሁ!» አለ አሚ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ኪራይ ጨምሪ ትለኛለች፣ አልጨምርም አልኩ። ተጣላን። አሁን ተከራይ አይደለሽም ልትለኝ ነው!»

ያን ሰሞን ኪራይ የሚጨምር ባለቤት ስሙ ሲነሳ ሰው ደሙ ይፈላ ነበር። ሳቁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። «ይመዝገብ! ይወረስ!» አለ ሰዉ። አባቴ ሊናገር ይሞክራል፣ ማንም አይሰማውም። በጉለሌ ሰው መሃል ሃያ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የነገደ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት ደም መጣጭ አከራይ ሆነ። ሊቀመንበሩ አንዴ አሚን አየው፣ አንዴ አባቴን አየው፣ ከዚያ ጻፈ። የታችኛው መኖሪያ፣ የላይኛው ትርፍ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ሸፍናለች።

ውጪ ስንወጣ አባቴ የአሚን ኮት ያዘ። «ምን በደልኩህ? ምን በድዬህ ነው አማናህን ያስበላኸኝ?» ይለዋል። አሚ ኮቱን ቀስ ብሎ አስለቀቀና «አንቺ ወንድሜ፣ ዝናብ ነው፣ ቤትሽ ግቢ» አለው። በጣም ደክሞት ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ እዚያ ደጅ አልደረሰም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አሚ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና አባቴ ይመልሳል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ጁምዓ ከመስጊድ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ይመለሳሉ። አባቴ ሰዉ ፊት ስለተዋረደ አይደለም የተቀየመው። ሸክሙን ተቀማ፣ ያውም ሊወጣው ቆርጦ በተነሳበት ሰዓት። እንዲህ ያለ ቂም አይቼ አላውቅም። እናቴ በየጁምዓው ሁለቱን በየመንገዳቸው ሲመጡ ታያለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ዝም ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። ብትነግረው ቤቱ እንደማይመለስ፣ የሚመለሰው ቂሙ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ወደ እሷ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አሚ የገዛው ቤት ውስጥ የቀበሌ ተከራይ ሆኖ ኖረ። ቆሽሙ ተቆርጦ በቆርቆሮ ተተካ። ከጊዜ በኋላ ሳሎኑ ለሁለት ተከፍሎ ሌላ ቤተሰብ ገባበት፤ ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ብዙ ልጆች ነበሯቸው። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ቀበሌው ተራ ጠብቅ አለው። በዚያ ዕድሜው መሰላል አቁሞ ራሱ ወጥቶ ሲደፍን ከታች አየሁት። «አሚ፣ ይውረዱ፣ ይወድቃሉ!» ብዬ ጮህኩ። «እንግዳ አለ ውስጥ፣ ልጆች አሉ» አለኝ።

ከዚያ ሰፈሩን የቀይ ሽብር ጊዜ አገኘው፤ ስለ እሱ እዚህ አላወራም። ስኳርና ዘይት ወደ ቀበሌ ሱቅ ሄደ፣ የአሚ መደርደሪያ ባዶ ቀረ። የየመን ሰዎች አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየሸጡ ወደ አገራቸው ገቡ። አንድ ጁምዓ ኢማሙ ከሶላት በኋላ «ወንድማችን ሊሄድ ነው፣ ዱዓ አድርጉለት» አለ። አባቴ ወደ ቤት ሲመጣ ምሳ አልበላም።

የሄደ ቀን ጠዋት ውይይት ታክሲ የቆርቆሮው አጥር ጋ ቆመ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። አባቴ ኮቱን ለብሶ ዳገቱን ወጣ፣ እናቴና እኔም ተከተልነው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ወደዚያ ደጅ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር። አሚ አንዲት ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ ቁልፉን ለቀበሌው ሰው አስረክቧል። ዓይኖቹ ከመቃብር በቀር ሌላ ያዩ አይመስሉም ነበር፤ ማለዳ ሚስቱ መቃብር ሄዶ ነው የመጣው።

አባቴ ፊቱ ቆመ። «አፉ በለኝ» አለው። እኛ ወሎዎች ይቅርታ ስንጠይቅ እንዲህ ነው የምንለው፤ ቃሉም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው። «አማናህን አልጠበቅኩም። ሰጥተኸኝ በላሁት። በዚያኛው ዓለም እንዳትይዘኝ።»

አሚ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት እናቴ መሃላቸው ገባች። «አፉ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ» አለች ለአባቴ። «እሱ አይደለም ያስበላዎት። እኔ ነኝ። ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን እዚህ ደረጃ ላይ መጥቼ አልቅሼበታለሁ። ይቺም አብራኝ ነበረች። ለእኛ ብሎ ነው ተከራይ ነኝ ያለው። እንዳልነግርዎት ያለኝም እሱ ነው።»

አባቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ መጨረሻ ላይ አሚን አየው። «እውነት ነው?» አለው።

አሚ ትከሻውን ሰበቀ። «ምን አለች?» አለ። «አማርኛ አላውቅም እኔ። ታውቂያለሽ አንቺ፣ አማርኛ አላውቅም።» ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። አባቴ አቀፈው። እንደ ልጅ ነበር ሁለቱም የሚያለቅሱት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባ ሊነፋ ፈልጎ ተወው። ከዚያ ታክሲው ወደ ሩፋኤል አቅጣጫ ሄደ፤ አሚን ዳግመኛ አላየነውም።

ዳገቱን ስንወርድ አባቴ ከኋላችን ነበር። እናቴ የሚመጣባትን እየጠበቀች ጀርባዋ ደርቆ ትሄዳለች። እኛ ቀድመን ገባን፣ በሩንም ገርበብ አድርገን ተውነው። ገብቶ ይጮህባታል ብዬ ጠበቅኩ። አልገባም። ከውጪ በሩን አንኳኳ።

«ክፍት ነው» አለች እናቴ።

ደግሞ አንኳኳ። እናቴ ግራ ገብቷት ሄዳ ከፈተች። አባቴ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ቆሟል። «ባለቤቱ ፈቅዶልን ነው የምንኖርበት» አላት። «ሳላንኳኳ አልገባም።»

አልተጣላትም፣ ያን ነገርም ዳግመኛ አላነሳባትም። ግን እስኪሞት ድረስ ከሱቅም ከመስጊድም ሲመለስ የገዛ ቤቱን በር እያንኳኳ ነበር የሚገባው። እናቴም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «ክፍት ነው» ብላው አታውቅም፤ የያዘችውን ሥራ ጥላ ተነስታ ትከፍትለት ነበር።